ቅጠል ሰርሳሪ ዝንቦችና አስተናጋጅ ተክሎቻቸው፤ ስለ አንድ የመለያ ዘዴ ጥቅምና ወሰን

(በዕፀዋት ጥበቃ ባለሙያዎች ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



በአትክልት ማሳ ወይም በአበባ ማሳደጊያ ቤት ውስጥ የሚመላለስ ባለሙያ አንዳንድ ጊዜ በአረንጓዴ ቅጠል ላይ በነጭ ቀለም የተሳለ የሚመስል ጠመዝማዛ መስመር ያያል። መስመሩ ሲጀምር እንደ ክር የቀጠነ ነው፤ እየሄደ ይሰፋል፤ በመጨረሻም ድንገት ይቆማል። ይህን የሠራው ፍጡር ቅጠሉን ከዳር አልቆረጠመውም። በላይኛውና በታችኛው ሽፋን መካከል ገብቶ ለስላሳውን የቅጠል ሥጋ እየፋቀ ተጉዟል። መስመሩም የተጓዘበት ቦይ ነው።

ለባለሙያው የሚቀርብለት ጥያቄ አጭር ነው፤ «ይህን ያደረገው ምንድን ነው?» የመልሱ ክብደት ግን ቀላል አይደለም። ለውጭ ገበያ የተሰናዳ ጭነት መሄድ አለመሄዱ፣ ገበሬው መድኃኒት መርጨት አለመርጨቱ፣ ከውጭ የመጣ ችግኝ መግባት አለመግባቱ የሚወሰነው ለዚያ ፍጡር በሚሰጠው ስም ነው። ዝንቡም ርዝመቱ ከ3 ሚሊሜትር ብዙም የማያልፍ፣ በዓይን ሲታይ ከዘመዱ የማይለይ ነው። በዚህም ምክንያት የዘርፉ ሊቃውንት ከብዙ ዘመን ጀምሮ ወደ ሌላ ምስክር ዞረዋል፤ ምስክሩም ዝንቡ የበቀለበት ተክል ነው። የዚህ ንግግር ዓላማ ይህ ምስክር እስከ ምን ድረስ እንደሚታመን፣ ከየትኛው ወሰን በኋላ ደግሞ ሌላ ማረጋገጫ እንደሚያስፈልግ ማመልከት ነው።

በቅድሚያ ስለ ፍጡሩ ጥቂት መናገር ይገባል። አግሮማይዚዴ በመባል የሚታወቀው የዝንቦች ቤተሰብ በመላው ዓለም ስም የወጣላቸው ከ3,000 በላይ ዝርያዎች አሉት። አብዛኞቹ ቅጠል ይሰረስራሉ፤ የቀሩት በግንድ፣ በሥር ወይም በዘር ውስጥ ይኖራሉ። ሴቲቱ ዝንብ በእንቁላል መጣያዋ ቅጠሉን ትወጋለች፤ ከቀዳዳው የሚመነጨውን ፈሳሽ ትመገባለች፤ በአንዳንዱም ቀዳዳ ውስጥ እንቁላል ትጥላለች። ወንዱ የሚወጋበት አካል ስለሌለው ሴቲቱ ከከፈተችው ይመገባል። እጩ ከተፈለፈለ በኋላ ቆዳውን እየለወጠ በሦስት የዕድገት ደረጃዎች ሲያልፍ ቦዩም አብሮት ይሰፋል። ዕድገቱን ሲጨርስ፣ እንደየዝርያው፣ ወይ ቅጠሉን ቀዶ ወደ አፈር ይወድቃል፤ ወይም እዚያው ቅጠሉ ውስጥ ወደ ፑፓነት ይለወጣል።

ቅጠል የሚሰረስር ሁሉ ግን ዝንብ አይደለም። በኢትዮጵያ የቡናን ቅጠል የሚሰረስረው ሊውኮፕቴራ የሚባለው ነፍሳት የእሳት እራት ወገን ነው። ሁለቱን ለመለየት ቅጠሉን ወደ ብርሃን አንሥቶ ማየት ብዙ ይረዳል። የዝንብ እጭ ራሱን የሚሸፍን ጠንካራ ቅል የለውም፤ እግርም የለውም። በጎኑ ተኝቶ የአፉን መንጠቆ እንደ ማጭድ ግራና ቀኝ እያወዛወዘ ስለሚፍቅ፣ ኩሱ ብዙውን ጊዜ በቦዩ በሁለት ጠርዝ ተራ በተራ ይቀመጣል። የእሳት እራት እጭ ግን ቅል ያለው ራስ አለው፤ ኩሱም አብዛኛውን ጊዜ በቦዩ መካከል እንደ አንድ መስመር ይታያል። እንግዲህ ቦዩ ራሱ፣ ባለቤቱ ሄዶም ቢሆን፣ የሚነበብ ጽሑፍ ነው።

ይህን ጽሑፍ ማንበብን ወደ ሥርዓት ካመጡት ሰዎች መካከል ሦስቱ በተለይ ሊጠቀሱ ይገባል። የኔዘርላንድ ተወላጁ ዴ ሜይሬ እ.ኤ.አ. ከ1925 ጀምሮ የእነዚህን ዝንቦች እጮች በዝርዝር ገለጠ። በበርሊን ይሠራ የነበረው ኤሪክ ማርቲን ሄሪንግ እ.ኤ.አ. በ1951 ስለ ቅጠል ሰርሳሪዎች ሥነ ሕይወት ጠቅላላ መጽሐፍ አሳተመ፤ በ1957 ደግሞ የአውሮፓን የቅጠል ቦዮች መለያ መጽሐፍ አወጣ። የዚህ ሁለተኛ መጽሐፍ አደራደር የሚጀምረው በተክሎች ስም ነው። አንባቢው በመጀመሪያ የተክሉን ወገን ይፈልጋል፤ ከዚያም በዚያ ተክል ላይ የሚገኙትን ቦዮች በቅርጻቸው፣ በኩሳቸው አቀማመጥና ፑፓው በሚገኝበት ሥፍራ እየለየ ይወርዳል። ሦስተኛው እንግሊዛዊው ኬኔዝ ስፔንሰር ነው። እርሱም እ.ኤ.አ. በ1973 በኢኮኖሚ ረገድ ጉዳት ስለሚያደርሱት ዝርያዎች ጻፈ፤ በ1990 ደግሞ የመላውን ዓለም ዝንቦች ከነአስተናጋጅ ተክሎቻቸው፣ በተክል ቤተሰብ ቤተሰብ መድቦ አቀረበ።

ይህ ዘዴ የሚሠራበት ምክንያት በዝንቦቹ ጠባይ ላይ የተመሠረተ ነው። ተክል ራሱን በመራራ፣ በመርዛማና በሚያጣብቅ ፈሳሽ ይከላከላል። በቅጠል ውስጥ የሚኖር እጭ ደግሞ ከዚያ ፈሳሽ የሚያመልጥበት መንገድ የለውም፤ እናቱ ከጣለችው ቅጠል ሸሽቶ ወደ ሌላ ሊሄድ አይችልም። ስለዚህ አብዛኞቹ ዝርያዎች የአንድን ተክል ወይም የጥቂት ዘመዳሞች ተክሎችን መከላከያ መቋቋም ብቻ ተምረዋል። በስፔንሰር ግምት መሠረት ከቤተሰቡ ዝርያዎች ከመቶ 99 የሚበልጡት እንዲህ ያሉ መራጮች ናቸው። ለምሳሌ በአውሮፓ ሆሊ በሚባለው ባለ እሾህ ቅጠል ዛፍ ላይ የሚገኘው ፋይቶማይዛ ኢሊሲስ ከዚያ ዛፍ ወገን አይወጣም። ተክሉን ያወቀ ዝንቡን ለማወቅ አንድ እርምጃ ብቻ ቀርቶታል። እንደዚሁም ፋይቶማይዛ ኦሮባንኪያ የተባለው ዝንብ የሚኖረው በባቄላ ሥር ተጣብቆ በሚያጠፋው ኦሮባንኬ በሚባለው ጥገኛ አረምና በቅርብ ዘመዶቹ ላይ ነው። እጮቹ የአረሙን ዘር ስለሚበሉ ዝንቡ እንደ ጠላት ሳይሆን እንደ ረዳት ይታያል። እነዚህን በመሰሉ ጉዳዮች የተክሉ ምስክርነት ጠንካራ ነው።

ሆኖም ምስክር የሚጠቅመው ስሙ በትክክል ሲመዘገብ ነው። የመጀመሪያው ስሕተት የሚፈጠረው ዝንቡን በመለየት ሳይሆን ተክሉን በመሰየም ላይ ነው። አንድ ናሙና «ከጎመን ላይ የተገኘ» የሚል ወረቀት ብቻ ተለጥፎበት ቢመጣ፣ ተመራማሪው ጎመኑ የሐበሻ ጎመን ይሁን ጥቅል ጎመን ወይም ሌላ ሊያውቅ አይችልም። «አደንጓሬ» የሚለው ስም በአንዱ አካባቢ ለተራው ቦሎቄ፣ በሌላው ደግሞ ወደ ላይ ለሚጠመጠመው ዘመዱ ይሰጣል። ገበሬው በስሙ አልተሳሳተም፤ ለእርሱ ሥራ የሚበቃው ያ ነው። የተሳሳተው ስሙን ሰምቶ፣ ተክሉን ሳይቆርጥና ሳያደርቅ የተመለሰው ባለሙያ ነው። አረም ሲሆን ደግሞ ችግሩ ይብሳል፤ ብዙ ናሙናዎች «ከአረም ላይ» የሚል ቃል ብቻ ይዘው ይገኛሉና።

በኢትዮጵያ ለዚህ ችግር ጥሩ መሣሪያ አለ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ብሔራዊ ሔርባሪየም የአገሪቱን ደረቅ የዕፀዋት ናሙናዎች ይዟል። እ.ኤ.አ. በ1980 የተጀመረው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፀዋት መጽሐፍም በ8 ቅጾች ተሰናድቶ በ2009 ተጠናቋል። ነፍሳት አጥኚው የዕፀዋት አጥኚውን በር ማንኳኳት እንደ ትርፍ ሥራ ሊቆጥረው አይገባም፤ የራሱ ሥራ የሚጀምረው ከዚያ ነውና። ይህም ከሰብል ያለፈ ጥቅም አለው። በኢትዮጵያ 6,000 ያህል የከፍተኛ ዕፀዋት ዝርያዎች እንዳሉ፣ ከእነዚህም አንድ አሥረኛ ገደማው በሌላ አገር እንደማይገኙ ይገመታል። ተክሉ በሌላ ዓለም የማይገኝ ከሆነ፣ በቅጠሉ ውስጥ የሚኖረው መራጭ ዝንብም በሌላ ዓለም የማይታወቅ ሊሆን ይችላል። ያለ ተክሉ ስም የተሰበሰበ እንዲህ ያለ ዝንብ ግማሽ ታሪኩን በመንገድ ላይ አጥቷል።

ክቡራን አባላት፤

ተክሉ በትክክል ከተሰየመም በኋላ ሁለተኛ ችግር አለ፤ ይኸውም በአንድ ተክል ላይ ከአንድ በላይ ዝንብ መገኘቱ ነው። የቦሎቄ ዝንብ ለዚህ መልካም ምሳሌ ይሆናል። እንቁላሉ በቅጠል ውስጥ ይጣላል፤ እጩ ግን በቅጠሉ ሥርና በአንገቱ በኩል ወደ ግንዱ ይወርዳል፤ ገና የበቀለውንም ችግኝ ያጠወልጋል። በኢትዮጵያ ቦሎቄ አምራቾች ዘንድ የታወቀው ኦፊዮማይያ ፋሴኦሊ እ.ኤ.አ. በ1895 ከአውስትራሊያ በተገኘ ናሙና የተሰየመ ነው። ለብዙ ጊዜ በምሥራቅ አፍሪካ ቦሎቄን የሚያጠቃው ይኸው አንዱ ብቻ ይመስል ነበር። ዴቪድ ግሬትሄድ በምሥራቅ አፍሪካ ያደረገውን ጥናት እ.ኤ.አ. በ1969 ሲያትም ግን፣ በዚያው ተክል ላይ ሌላ ያልተሰየመ ዝርያ እንዳለ አሳየ። ዛሬ ኦፊዮማይያ ስፔንሰሬላ የሚባለው እርሱ ነው። ሦስተኛው ኦፊዮማይያ ሴንትሮሴማቲስም በዚሁ ሰብል ላይ ይገኛል።

እዚህ ላይ «ከቦሎቄ ላይ የተገኘ» የሚለው ቃል እውነት ሆኖ ሳለ ጥያቄውን አይፈታም። ሆኖም ግንዱን ሰንጥቆ የሚያይ ሰው ተጨማሪ ምልክት ያገኛል። የኦፊዮማይያ ፋሴኦሊ የፑፓ ቅርፊት ቡናማ ነው፤ የስፔንሰሬላ የሚያንጸባርቅ ጥቁር ነው፤ የሴንትሮሴማቲስ ወደ ቀይ ብርቱካንማ ያዘነብላል። ልዩነቱ የመጽሐፍ ጨዋታ አይደለም። ፋሴኦሊ በሞቃቱ ዝቅተኛ ሥፍራ፣ ስፔንሰሬላ በቀዝቃዛው ደጋ ይበረታሉ። በአንዱ ሥፍራ ዝንብን ተቋቁሟል የተባለ የቦሎቄ ዘር በሌላው ሥፍራ ቢሸነፍ፣ ዘሩ ከመወቀሱ በፊት የዝንቡ ማንነት ሊጠየቅ ይገባል።

ሦስተኛውና ከሁሉ የከበደው ችግር የጥቂቶቹ ሁሉን በሊታዎች ነገር ነው። ሊሪዮማይዛ የሚባለው ወገን ከ300 በላይ ዝርያዎች ሲኖሩት፣ አብዛኞቹ እንደ ዘመዶቻቸው መራጮች ናቸው። ዓለምን ያስቸገሩት ግን ከማይመርጡት ጥቂቶች መካከል ናቸው። ስማቸው ራሱ የተክል ምስክርነት እንዴት እንደሚያሳስት ያስረዳል። ሊሪዮማይዛ ትሪፎሊ እ.ኤ.አ. በ1880 የተሰየመው በክሎቨር ስም ነው፤ ሊሪዮማይዛ ሳቲቬ በ1938 የተሰየመው በአልፋልፋ ስም ነው። ስሙን ብቻ ያነበበ ሰው ሁለቱም የመኖ ተክል ተባዮች ናቸው ሊል ይችላል። በእርግጥ ግን ትሪፎሊ ከ20 በላይ በሆኑ የተክል ቤተሰቦች ላይ ይኖራል፤ ሁለቱም ቲማቲምን፣ ፎሶሊያንና የዱባ ዘመዶችን ይሰረስራሉ። በአንድ የቲማቲም ቅጠል ላይ የሁለቱን ቦይ አይቶ ይህ የዚህ፣ ያ የዚያ ነው ብሎ በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም።

የዚህ ስሕተት ዋጋ በታሪክ ታይቷል። ትሪፎሊ የአሜሪካ ተወላጅ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1976 ከፍሎሪዳ በተላከ የክሪሳንተመም አበባ ቁርጥራጭ ኬንያ ገባ። ከዚያም ለመትከያ በሚላኩ ቁርጥራጮች አማካይነት ወደ አውሮፓ አገሮች ተሻገረ። ሊሪዮማይዛ ሁዊዶብሬንሲስ ደግሞ በ1926 ከአርጀንቲና የተሰየመ ሆኖ፣ በ1987 በኔዘርላንድ ተገኘ፤ ከዚያም በብዙ አገሮች ተሰራጨ። በሁለቱም ጊዜ ተጓዡ በቅጠል ውስጥ የተሸሸገ እንቁላል ወይም እጭ ነበር። አበባና ፎሶሊያ ወደ ውጭ የምትልክ፣ የመትከያ ቁርጥራጭም ከውጭ የምታስገባ ኢትዮጵያ ከዚህ ታሪክ የምትማረው ብዙ ነው።

የአውሮፓ ሊቃውንት ራሳቸውም ከስሕተት አልዳኑም። በአትክልትና በአበባ ላይ የተለመደውን አንድ ዝንብ ለረዥም ዘመን ፋይቶማይዛ አትሪኮርኒስ እያሉ ሲጽፉ ኖረዋል። ግሪፊትስ እ.ኤ.አ. በ1967 ነገሩን ሲመረምር፣ በዚያ ስም የተጻፈው ስለ ሁለት ዝርያዎች እንደሆነ አረጋገጠ። አንዱ ፋይቶማይዛ ሆርቲኮላ ከ30 በላይ በሆኑ የተክል ቤተሰቦች ላይ የሚኖር ነው፤ ሁለተኛው ፋይቶማይዛ ሲንጀኔሲዬ ይበልጡን የአደይ አበባ ቤተሰብ በሆኑት ተክሎች ላይ ይወሰናል። በውጭ መልካቸው አይለዩም፤ የለያቸው የወንዱ የመራቢያ አካል ቅርጽ ነው። እንግዲህ ከዚያ ዓመት በፊት በአትሪኮርኒስ ስም የተጻፈ መዝገብ ሁሉ ናሙናው ካልተጠበቀ በቀር የማን እንደሆነ መወሰን አዳጋች ነው። አተር ላይ ተገኘ የተባለው ሆርቲኮላ ሳይሆን አይቀርም፤ ክሪሳንተመም ላይ ተገኘ የተባለው ግን ከሁለቱ ማንኛቸውም ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ የማይመርጡት ዝርያዎች ሲጠረጠሩ ተክሉ መንገድ ያሳያል እንጂ ፍርድ አይሰጥም። ቦዩ የተቆፈረበት ሥፍራ ጥቂት ይረዳል፤ ሁዊዶብሬንሲስ ብዙውን ጊዜ በቅጠሉ ዋና ጅማት አጠገብና በታችኛው የቅጠል ሥጋ ይሄዳል፤ ትሪፎሊና ሳቲቬ ወደ ላይኛው ሽፋን ይቀርባሉ። በእጩ ጀርባ ጫፍ ያሉት የመተንፈሻ ቀዳዳዎችም ይቆጠራሉ፤ በትሪፎሊና በሳቲቬ በእያንዳንዱ ጎን 3፣ በሁዊዶብሬንሲስ ከ6 እስከ 9 ናቸው። ለመጨረሻው ማረጋገጫ ግን የወንዱ የመራቢያ አካል በማይክሮስኮፕ መታየት አለበት፤ ወይም የዘር ሞለኪውል ምርመራ መደረግ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2016 የጸደቀው ዓለም አቀፍ የዕፀዋት ጥበቃ ስምምነት የሊሪዮማይዛ መለያ መመሪያም በመልክ ብቻ ሲለይ የሚታመነው የአዋቂው ወንድ እንደሆነ ይገልጻል።

ይህ ሁሉ ሲባል የተክሉ ምስክርነት ጊዜው አልፎበታል ማለት አይደለም። የሞለኪውል ምርመራ ከመጣ ወዲህ የተክሉ ስም ዋጋው ጨምሯል። ሁዊዶብሬንሲስ የሚባለው አንድ ዝርያ ሳይሆን ሁለት እንደሆነ፣ የካሊፎርኒያውም ቀድሞ በ1951 ሊሪዮማይዛ ላንጌይ ተብሎ የተሰየመው እንደሆነ የታወቀው በዚህ ምርመራ ነው። በትሪፎሊም መካከል ከቃሪያ ጋር የተያያዘ፣ በዘሩ የተለየ ጎራ እንዳለ የአሜሪካ ተመራማሪዎች አመልክተዋል። ከማንኛውም ተክል የሚበላ የተባለው ዝንብ በውስጡ የራሱን ተክል የሚመርጥ ዘመድ ሸሽጎ ነበር ማለት ነው። ይህን ለማየት የተቻለው ናሙናዎቹ ከየትኛው ተክል እንደተሰበሰቡ ስለተጻፈ ብቻ ነው።

ለገበሬውስ ይህ ምን ይጠቅመዋል? ትሪፎሊ ብዙ የፀረ ተባይ መድኃኒቶችን በመላመድ የታወቀ ነው። እነዚህን ዝንቦች በተፈጥሮ የሚቆጣጠሩት ዲግሊፈስ ኢሴያን የመሰሉ ጥቃቅን ጥገኛ ተርቦች ግን በመድኃኒቱ በቀላሉ ያልቃሉ። መድኃኒት የተላመደውን ዝንብ መድኃኒት ይገድለዋል ተብሎ ቢረጭ፣ ተርቡ ሞቶ ዝንቡ ይቀራል፤ በሚቀጥለውም ትውልድ ይበዛል። በሌላ በኩል ደግሞ በማሳው ዳር ባለ አረም ላይ ቦይ ታየ ተብሎ ሰብሉን መርጨት፣ በዚያ አረም ላይ ብቻ የሚኖረውን ንጹሕ ዝንብ በሌላው ኃጢአት መቅጣት ነው። እንዲያውም ያ ዝንብ ሰብሉን ለሚጠብቁት ተርቦች ማደሪያ ሊሆን ይችላል።

ከላይ ከተባለው የሚከተለው የሥራ ሥርዓት አስቸጋሪ አይደለም። ቦይ ያለበት ቅጠል ሲገኝ እጭ ያለበት ጥቂቱ ተለይቶ፣ ጥቂት እርጥበት ባለው ወረቀት ላይ በተከደነ ዕቃ ውስጥ ይቀመጥ። አንድ ቅጠል ግን በጋዜጣ መካከል ተጭኖ ይድረቅ፤ ቦዩ ራሱ ሰነድ ነውና። ከተክሉም አበባውን ወይም ፍሬውን የያዘ ቅርንጫፍ ይቆረጥና ለሔርባሪየም ይላክ። ዝንቡ ሲወጣ ወዲያው አይገደል፤ ቆዳውና ቀለሙ እስኪጠነክር አንድ ቀን ያህል ይቆይ። ሴቶች ብቻ ከወጡ ወንድ እስኪገኝ መጠበቅ ይሻላል። በዝንቡ ፈንታ ተርብ ቢወጣም አይጣል፤ እርሱም የታሪኩ ክፍል ነው። በዝንቡ፣ በቅጠሉና በቅርንጫፉ ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር ይጻፍ፤ ሥፍራው፣ ከፍታውና ቀኑም ይታከልበት። በመጨረሻም የተወጋ ቅጠል ሁሉ አስተናጋጅ አይባል። ሴቲቱ እጩ በማያድግበት ተክል ላይ እንኳ ትወጋለችና፣ አስተናጋጅ የሚባለው አዋቂ ዝንብ የወጣበት ተክል ብቻ ነው።

አበው «ነገር ከሥሩ፣ ውኃ ከጥሩ» ይላሉ። የቅጠል ሰርሳሪ ዝንብ ነገር ሥሩ ተክሉ ነው፤ ምርመራው ከዚያ ይጀምራል። መራጭ ከሆኑት ብዙዎቹ ጋር ከዚያው ሊፈጸም ትንሽ ይቀረዋል፤ ከማይመርጡት ጥቂቶች ጋር ግን ገና መጀመሩ ነው። በዕለቱ ስሙን ለማወቅ ያልተቻለ ዝንብ እንኳ ተክሉ፣ ቅጠሉና ቁጥሩ አብረውት ከተቀመጡ፣ ከብዙ ዓመት በኋላ የተሻለ መሣሪያ የያዘ ሰው ስሙን ሊያወጣለት ይችላል። ከተክሉ የተለየውን ዝንብ ግን ያን ጊዜም ቢሆን ከየት እንደመጣ የሚመሰክርለት አይኖርም።